ድምፁ የልጁ፣ ዘፈኑ የሌላ ሰው፦ የአንድ ወጣት ራፐር ጉዳይ

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

ገርጂ ውስጥ አንዲት ክፍል የቀረጻ ስቱዲዮ አለችኝ። ብዙ ወጣት ራፐሮች መጥተው ቀርጸውባታል። አብዛኞቹ አንድ ሁለት ዘፈን ሠርተው ጠፉ። ለምን እንደሚጠፉ ስጠየቅ ለረጅም ጊዜ መልሴ አንድ ነበር፤ ወይ ችሎታ የላቸውም ወይ ትዕግሥት የላቸውም እል ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአንድ ልጅ ጉዳይ ነው። ነገሩ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን ከ2013 ወዲህ ያለውን አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። ችሎታ ከመጀመሪያው ነበረው። የሌለው ነገር የራሱን ዘፈን "የኔ ነው" የሚልበት ወረቀት ነበር።

የማንንም ስም አልጠቅስም፣ ያስፈረመውንም ድርጅት ጭምር። ልጁና እናቱ ጽሑፉን ቀድመው አንብበውታል፣ ሁለት ቦታ ላይም አርመውኛል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የኛው አቆጣጠር ነው። የገንዘቡን መጠን የወሰድኩት ልጁ በደብተር ከያዘው ነው።

ልጁ ከየት መጣ

ያደገው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቱ ልጁ ትንሽ እያለ አርፏል። እናቱ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰ ታክሲ ላይ ረዳት ሆነ፤ መስመሩ ከጀሞ ሜክሲኮ ነው።

በአማርኛ ራፕ ማድረግ እንደሚቻል የገባው የሰፈር ታላላቆቹ በስልካቸው እነ ቴዲ ዮንና ልጅ ሚካኤልን ሲያሰሙት ነው። ማታ ማታ ከጀማው ጋር ብሎክ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ፍሪስታይል፣ ማለትም ሳይጽፉ እዚያው ራፕ ማድረግ፣ ይሞክራሉ። አንዱ በእጁ የደረጃውን ብረት ይመታል፣ ሌላው ይቀጥላል። ልጁ ከሁሉም የሚለየው በድምፁ ነበር። ቀኑን ሙሉ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የሞላ!" ሲል የሚውል ሰው ትንፋሹን የት እንደሚወስድና የት እንደሚቆጥብ ሳያውቀው ይማራል። በሌላ በኩል ያው ሥራ ጉሮሮውን ይልጠው ነበር። ማታ ስቱዲዮ ሲገባ ድምፁ ሻካራ ይሆናል። ይሄን ነገር በኋላ የፈታነው ቀረጻውን ሥራ ከመግባቱ በፊት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በማድረግ ነው።

እናቱ መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም። "አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?" ነበር ያለችው። የሙዚቃ ሰውን ዝቅ አድርጎ ማየት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያቺ ቃል ግን ልጁን ከባድ ቦታ ላይ ነክታዋለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቃው ለእናቱ አንድም ነገር መንገር አቆመ። ለቀጣዩ ስህተት በር የከፈተው ይሄ ዝምታ ይመስለኛል።

ባለ ሁለት ገጹ ወረቀት

ግንቦት 2011 ላይ አንድ አሳታሚ የልጁን የስልክ ቪዲዮ አይቶ አስጠራው። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። ቢሮ ወሰዱት፣ ማኪያቶ አዘዙለት፣ ስለ ክሊፕና ስለ ኮንሰርት አወሩለት። ከዚያ ሁለት ገጽ ወረቀት አቀረቡለት። 15,000 ብር በእጁ ሰጡትና ፈረመ። በረዳትነት በቀን የሚያገኘውን ለሚያውቅ ሰው 15,000 ብር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ወረቀቱን በኋላ አንብቤዋለሁ። ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ውሉ ለአምስት ዓመት ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ ከዚህ በፊት የሠራው፣ አሁን የሚሠራውና "ወደፊት የሚሠራው ማንኛውም የድምፅና የምስል ሥራ" የድርጅቱ ነው። ሦስተኛ፣ ገቢ ሲገኝ "በስምምነት" ይከፈላል። ስንት፣ መቼ፣ በምን ሒሳብ የሚል ነገር የለም። የልጁ ዕድሜ የትም ቦታ አልተጻፈም። የእናቱ ፊርማም የለም።

ዘፈኑ ወጣ፣ ልጁ ቀረ

ለድርጅቱ የቀረጸው የመጀመሪያ ዘፈን በድርጅቱ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ወጣና በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ሰው አየው። ታክሲ ውስጥ ሰዎች ዘፈኑን በስልካቸው ሲከፍቱ ልጁ በር ላይ ቆሞ ሒሳብ ይሰበስባል። "አንተ ነህ እንዴ?" የሚሉት ነበሩ። ከ15,000 ብሩ ውጭ ግን አምስት ሳንቲም አላገኘም። ስልክ ሲደውል "ገና ወጪያችንን አልመለስንም" ይሉታል።

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ። የያዛቸው ሁለት መድረኮች ተሰረዙ። ታክሲውም በግማሽ ሰው መሥራት ጀመረ። ቤት ሲውል ከሁለት ጀለሶቹ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለው አዲስ ዘፈን ቀረጹና ሰኔ ላይ በራሱ ቻናል ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላው በሰኔ ወር መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ሲመለስ ዘፈኑ የለም። ድርጅቱ "የወደፊት ሥራው የኔ ነው" በሚለው አንቀጽ ተደግፎ ለዩቲዩብ አቤት ብሎ አስወርዶታል፣ ቻናሉም ማስጠንቀቂያ ተመዝግቦበታል። በ90 ቀን ውስጥ እንደዚህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ይዘጋል። መቃወሚያ ማቅረብ እንደሚቻል ልጁ አያውቅም ነበር። ቢያውቅም ወረቀቱን ስለፈረመ ያፍር ነበር።

ተወው። ለወራት አንድ ስንኝ አልጻፈም።

ወረቀቱን ማንበብ

እኔ ያገኘሁት ጥቅምት 2013 ነው። የሌላ ልጅ ዘፈን ላይ ፊት ሊገባ፣ ማለትም በእንግድነት አብሮ ሊዘፍን፣ መጣ። 16 ባር በአንድ ትንፋሽ ሊባል በሚችል ሁኔታ ጨረሰና ማይኩን አስቀምጦ ወጣ። ተከትዬው ወጥቼ "የራስህን ለምን አትሠራም?" አልኩት። "ጋሼ፣ እኔ ተሽጫለሁ" አለኝ። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ወረቀቱን አመጣልኝ። እኔ የሕግ ሰው ስላልሆንኩ አንዲት የማውቃትን ጠበቃ ለመንኳት። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ዘፈኑ አልነበረም። "መቼ ነው የተወለድከው?" አለችው። ጥር 1994 አላት። ሲፈርም 18 አልሞላውም ማለት ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሞግዚቱ ሳያውቅ የገባው ከባድ ግዴታ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል አለችን። ከዚያ ደግሞ የደነገጥንበትን ነገር ነገረችን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1810 መሠረት ውል ይፍረስልኝ የሚል ሰው ምክንያቱ በቀረ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ልጁ 18 የሞላው ጥር 2012 ነው። ስለዚህ እስከ ጥር 2014 ብቻ ነው ያለው። ያን ጊዜ ታኅሣሥ 2013 ነበር። ሌላ አንድ ዓመት አፍሮ ቢቀመጥ ኖሮ በሩ ይዘጋበት ነበር።

ስለ ዘፈኑም አብራራችልን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራው ተፈጥሮ ግዘፍ እንዳገኘ፣ ማለትም እንደተጻፈ ወይም እንደተቀረጸ፣ መብቱን ለአመንጪው ይሰጣል። ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ይሄ መብት የደራሲውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሦስቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን እኔ ራሴ በደንብ የተረዳሁት ያኔ ነው። ግጥሙ አንድ ነገር ነው። ዜማውና ቅንብሩ ሌላ ነው። የተቀረጸው ድምፅ ደግሞ ሌላ። ሦስቱም የተለያየ ሰው እጅ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የልጁ ወረቀት ሦስቱንም በአንድ መስመር ጠቅልሎ ወስዷል።

ሽምግልናው

ፍርድ ቤት መሄድ እንችል ነበር። ጠበቃዋ ራሷ ግን መጀመሪያ ደብዳቤ እንጻፍ፣ ጎን ለጎን ሽማግሌ እንላክ አለች። ምክንያቷ ክስ ገንዘብና ጊዜ ይበላል፣ ልጁም አሁን መሥራት ነው የሚፈልገው የሚል ነበር። ከደብዳቤው በፊት ግን አንድ ሥራ ነበረን፤ እናቱ ማወቅ አለባት። ሁለት ዓመት የደበቀውን ነገር በአንድ ምሽት ነገራት። እኔም ነበርኩ። ምጣዱ ላይ ቁጭ ብላ እየሰማች እንጀራዋን አላቋረጠችም። ሲጨርስ "ወረቀቱን አምጣ" አለችው። ማንበብ ትችላለች። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሽምግልናው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ 2013 አራት ጊዜ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ልጁ የሚሠራበት ታክሲ ባለቤት፣ አንዱ የድርጅቱ ሰው ዘመድ፣ ሦስተኛው ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸው አዛውንት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ባክነው ነው የቀሩት። እኛ አንቀጽ እንጠራለን፣ እነሱ ያወጡትን ወጪ ይቆጥራሉ። በሦስተኛው ቀን እናቱ መጣች። ብዙ አልተናገረችም። "ይሄ ልጅ አባት የለውም፣ እናት ግን አለው። ሲፈርም እኔን ለምን አልጠራችሁኝም?" አለች። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ተለወጠ። አዛውንቱ ወደ ድርጅቱ ሰው ዞረው "ልጅ ነው ያስፈረምከው" አሉት። ሰውዬውም፣ እውነት ለመናገር፣ አንገቱን ደፋ።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ውሉ ቀሪ ሆነ። የመጀመሪያው ዘፈን ቀረጻና ክሊፕ ከድርጅቱ ጋር ቀረ፤ ግጥሙ የልጁ ሆነ፣ መድረክ ላይም ያለ ፈቃድ መጫወት ይችላል። በቻናሉ ላይ የነበረው አቤቱታ ተነሳ። ልጁ ባለፈው ገቢ ላይ ጥያቄ አያቀርብም፣ 15,000 ብሩንም አይመልስም። ሁሉም በጽሑፍ ሆኖ ተፈረመ። ባለፈው ገቢ ላይ የተስማማነው ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጁ ግን በዚያ ቀን ከሽምግልናው ወጥቶ እስከ ጀሞ ድረስ በእግሩ ነው የሄደው። ማሰብ ፈልጌ ነው አለኝ።

ግጥሙን ከአማርኛ ጋር ማስታረቅ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። መብቱ ሲመለስ "እንግዲህ እንልቀቅ" የሚል ስሜት ነበር። የድሮ ደብተሩን ስንከፍት ግን ያየነው ነገር አላስደሰተንም። ግማሹ ግጥም ሌላ ቋንቋ ላይ የተሠራ ፍሎው (የራፑ አካሄድ) ላይ አማርኛ በግድ የተጫነበት ነበር።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። ስለዚህ ቤት መምታት በጣም ቀላል ይመስላል። "ጀመርኩኝ፣ ሠራሁኝ፣ ወደቅኩኝ፣ ተነሣሁኝ" እያልክ አንድ ዘፈን መጨረስ ትችላለህ። ቤቱ ይመታል፣ ጆሮ ግን ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ይሰለቻል፤ ምክንያቱም የሚመታው ቃሉ ሳይሆን ቅጥያው ነው። ልጁ ለሁለት ወር አንድ ልምምድ ብቻ እንዲሠራ ተስማማን፦ ማንኛውም ስንኝ በግስ እንዳይጨርስ። ተሠቃየ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ግሶቹን ወደ መሐል እያስገባ፣ መጨረሻውን በስም መምታት ጀመረ፦

ሜክሲኮ እያልኩ ስጠራ፣ ለሰው ሁሉ ሞላ መንገድ፣
እኔ ግን በር ላይ ቀረሁ፣ ሥር እንዳወጣ ግንድ።

ሁለተኛው ችግር መጥበቅና መላላት ነበር። በጽሑፍ አንድ የሆነ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር ይሆናል። ልጁ "ገና ነኝ" የሚል ማዞሪያ ነበረው፤ አልደረስኩም፣ መንገድ ላይ ነኝ ለማለት። ከበሮው ላይ ለማስቀመጥ ብሎ "ና"ን ሲያጠብቃት ግን የሰማው ሰው ሁሉ የገና በዓል ነው የመሰለው። ይሄን በስክሪን አታየውም፣ በጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣን። እያንዳንዱ ስንኝ ከቢቱ፣ ከማጀቢያው ሙዚቃ፣ ጋር ከመግባቱ በፊት እንደ ወሬ ይነበባል፤ ሰው በወሬ በማያጠብቅበት ቦታ ዘፈኑም አያጠብቅም።

ሦስተኛው ሰምና ወርቁ ነው። ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ አንድ ምሽት አዝማሪ ቤት ወሰድኩት። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ፣ ከጠረጴዛው አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ሲሰጠውና እሱ እዚያው በዜማ ሲመልስ ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ይሄ እኮ ፍሪስታይል ነው" አለኝ። ነው። ፉከራና ቀረርቶም አሉን፤ ራስን ማወደስ፣ ጠላትን መዛት፣ ትንፋሽን በምት ላይ መክፈል። እናቱ "አዝማሪ ልትሆን ነው?" ያለችውን ቃል ያን ማታ በሌላ ጆሮ የሰማው ይመስለኛል። በሳምንቱ ይሄን ጽፎ መጣ፦

ተራ አስከባሪ ይጠራኛል፣
ተራ ሰው ግን አይደለሁም።

በግስ ነው የጨረሰው፣ ሕጋችንን አፍርሶ። አላረምኩትም። "ተራ" የምትለዋ ቃል ብቻዋን ሁለቱን ትርጉም ይዛ ትቆማለች። የታክሲ ሰልፍ የተሰለፈ ሁሉ ይገባዋል፣ ማብራሪያ አይፈልግም።

በ2014 ዓ.ም. 11 ዘፈን ጻፈ፣ አራቱን ጣለ።

ቢቱ የማን ነው

ከድሮ ዘፈኖቹ ሁለቱ ከዩቲዩብ የወረዱ "ነፃ" ቢቶች ላይ የተሠሩ ነበሩ። ነፃ የሚለው ቃል ብዙ ልጅ ያሳስታል። አብዛኛውን ጊዜ ነፃ የሚሆነው ገንዘብ እስካልሠራህበት ድረስ ነው። ትንሽ ከፍለህ ብትወስደውም ብዙውን ጊዜ የምትከራየው እንጂ የምትገዛው አይደለም፤ ያንኑ ቢት ሌላ አገር ያሉ መቶ ሰዎች ሊከራዩት ይችላሉ። ከነሱ አንዱ ዘፈኑን ኮንቴንት አይዲ በሚባለው የዩቲዩብ ሥርዓት ካስመዘገበ ማሽኑ ያንተንም ዘፈን የሱ አድርጎ ይቆጥረዋል፣ የማስታወቂያው ገቢም ወደዚያ ይሄዳል። ከልጁ ዘፈኖች በአንዱ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ሁለቱንም ጣልናቸው። አንደኛው ጥሩ ዘፈን ነበር፣ ሲጣል አሞኛል።

በምትኩ አንድ የሰፈር አቀናባሪ ያዝን። እሱም ወጣት ነው። ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር። የኛ ችክችካ በስድስት ነው የሚሄደው፤ ትራፕ የሚባለው የዛሬው የራፕ ዓይነት ደግሞ ሃይሃቱን (የከበሮውን ሳህን) በሦስት በሦስት ይከፍላል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከበሮውን እዚያ መገናኛ ላይ አስቀመጠው። ክራር የሚጫወት ልጅ ጠርተን በባቲ ቅኝት አንድ አጭር ሐረግ አስቀረጽን። ለክራር ተጫዋቹ በዕለቱ 4,000 ብር ተከፈለውና አንድ ገጽ ወረቀት ፈረመ። ልጁና አቀናባሪውም ለእያንዳንዱ ዘፈን የድርሻ ወረቀት ሠሩ። ግጥምና ዜማ የማን ነው፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ የቀረጻውን ወጪ ማን ሸፈነ፣ ገቢው እንዴት ይከፈላል። ግማሽ ገጽ አይሞላም። የተፈረመው ከመቀረጹ በፊት ነው፤ ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ማንም ሰው የሠራው ሥራ ትንሽ አይመስለውም።

ኢንተርኔት ሲዘጋ

ከአዲሶቹ የመጀመሪያውን ዘፈን ለየካቲት 2015 አጋማሽ አቀድን። የካቲት መጀመሪያ ላይ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ተገደቡ። ገደቡ እስከ ሐምሌ ድረስ፣ አምስት ወር ገደማ ቆየ። እኔ እንጠብቅ አልኩ። ልጁ አልጠበቀም።

40 ፍላሽ ገዛ። ዘፈኑን ጭኖ ለሚያውቃቸው ሾፌሮች አደለ። የሜክሲኮ፣ የጀሞ፣ የአየር ጤና፣ የሳሪስ ታክሲዎች። ሾፌር ፍላሽ ከሾፌር ይገለብጣል፤ ሌላ ማስተዋወቂያ አልነበረንም። ስለ ተራ አስከባሪ የሚናገር ዘፈን ታክሲ ተራ ላይ መሰማቱ ራሱን የቻለ ነገር ነበር። በወሩ መገናኛ ላይ ቆሜ ዘፈኑን ከማላውቀው ታክሲ ውስጥ ሰማሁት።

በቪፒኤን የሚያዩትም ነበሩ። የቻናሉ መረጃ ግን አሳሳተን፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚያየውን ሰው ቪፒኤኑ በመረጠለት አገር ነው የሚቆጥረው። ለአንድ ሳምንት ያህል አውሮፓ ውስጥ ብዙ አድማጭ ያገኘን መስሎን ነበር።

እውነተኛው የውጭ አድማጭ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። አክስቱ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ዘፈኖቹን ወደ ዓለም አቀፍ መተግበሪያዎች የሚያደርሰው አከፋፋይ ክፍያውን በምንችለው መንገድ ስላልላከልን መለያው በሷ ስም ተከፈተ። አክስት ብትሆንም ወረቀት ተፈረመ፤ መብቱ የልጁ ነው፣ እሷ ክፍያ ተቀባይ ብቻ ናት የሚል። መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። ምክንያቱን ሲነግራት "ጎሽ፣ እንዲህ ነው" አለችው። በዓመት የሚመጣው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሆን ግን ያቺ ትንሽ ገንዘብ የስቱዲዮ ወጪ መሸፈን ጀመረች።

ያልሠሩልን ነገሮች

ክሊፑ ትልቁ ስህተት ነበር፣ እሱም የኔ ምክር ነው። ዘፈኑ ታክሲ ላይ ሲደመጥ ሳይ "አሁን በደንብ የተሠራ ክሊፕ ያስፈልግሃል" አልኩት። 120,000 ብር ፈጀ። 80,000ው የእናቱ ዕቁብ ነበር። መኪና ተከራየን፣ ልብስ ተከራየን፣ ልጁ የማይመስለውን ሰው ሆኖ ቆመ። ያየው ሰው የዘፈኑን ግማሽ አይሆንም። በኋላ አንድ ጀለሱ ታክሲ ውስጥ በስልክ የቀረጸው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከክሊፑ በብዙ እጥፍ ታየ። ዕቁቡን ለመመለስ ልጁ 14 ወር ፈጅቶበታል። በየወሩ ለእናቱ ሲሰጣት ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ያንን ገጽ ማየት ይከብደኛል።

ሁለተኛው፣ "ዕይታ እናበዛልሃለን" የሚሉ ሰዎችን 6,000 ብር ከፈልናቸው። ቁጥሩ በሁለት ቀን ዘለለ፣ ከዚያ ዩቲዩብ አብዛኛውን ቀንሶ አወረደው። ሦስተኛው፣ አልበም። ስምንት ዘፈን አስበን አራት ላይ ቆምን። ገንዘቡም ጊዜውም አልነበረም፤ ነጠላ ዘፈን በየአራት ወሩ መልቀቅ ለሱ የተሻለ ሠራ።

ለሌላ ልጅ የሚጠቅመው

ገና ሊጀምር ያለ ልጅ ስቱዲዮዬ ሲመጣ አሁን የማደርገውን ልናገር። መጀመሪያ የምጠይቀው "የፈረምከው ወረቀት አለ?" ብዬ ነው። ካለ፣ መቼ ነው የፈረምከው፣ ስንት ዓመትህ ነበር፣ ከማን ጋር ነበርክ። አለመናገር ነው ጊዜውን የሚበላው። ይሄ ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ አፍሮ ተቀምጧል።

ከአሳታሚ ጋር መሥራት ክፉ አይደለም። ውሉ ላይ ግን "የወደፊት ሥራ ሁሉ" የሚል ካለ እጅህን ሰብስብ፤ በዘፈን ቁጥር ይወሰን፣ ለምሳሌ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ይባል። ክፍያው በመቶኛ ይጻፍ፣ ሒሳቡ በየስንት ወሩ እንደሚታይም ይጻፍ። የምትፈርመውን ወረቀት ቤትህ ይዘህ ሂድና እናትህ ታንብበው። እዚያው ካልፈረምክ የሚሉህ ከሆነ ተነሥና ውጣ።

ቻናልህና ኢሜይልህ በራስህ ስልክ ቁጥር ይከፈቱ፣ የይለፍ ቃሉም በእጅህ ይሁን። የቀረጻህን ፋይሎች፣ የተደባለቀውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ትራክ፣ ከስቱዲዮው ተቀበል። እኔ አሁን ለሁሉም በፍላሽ እሰጣለሁ፤ በፊት ካልጠየቁኝ አልሰጥም ነበር።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ልጁ በ2016 ዓ.ም. ካገኘው ውስጥ ትልቁ ከመድረክ ነው፤ የካምፓስ ዝግጅት፣ የበዓል ባዛር፣ የምሽት ክለብ። ሁለተኛው ከማስታወቂያ ድምፅ ሥራ ነው፣ ያ የታክሲ ድምፅ እዚያም ጠቀመው። ከኢንተርኔት የመጣው ሦስተኛ ነው። ልጆች ግን አስበው የሚመጡት በተገላቢጦሽ ነው።

አሁን ያለበት

ታክሲውን ሙሉ በሙሉ ያቆመው መስከረም 2017 ላይ ነው። ከዚያ በፊት በሳምንት ሦስት ቀን ይሠራ ነበር። ሰባት ዘፈን አለው፣ ሰባቱም የድርሻ ወረቀት አላቸው፣ ወረቀቶቹን የምታስቀምጠው እናቱ ናት። ከእንጀራ ደንበኞቿ ሒሳብ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ነው ያደረገቻቸው። ባለፈው አንድ ድርጅት ለማስታወቂያ ፈልጎት ውል ላከለት። እኔ ጋር ይዞት ሲመጣ ሁለት መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ነበር። "አንተ ነህ ያሰመርከው?" አልኩት።

"እማዬ ናት" አለኝ። "እነዚህ ሁለቱ ይስተካከሉ፣ አለበለዚያ አትፈርምም ብላኛለች።"

ለጠበቃዋ ደወልን። ሁለቱም መስተካከል ነበረባቸው።